የቀዩን በር እጀታ ይዘው የኖሩት የሚዛን የሕይወት ታሪክ

መሥሪያ ቤቱ ለዛሬው ቀብር የሕይወት ታሪክ ብሎ የላከው ግማሽ ገጽ ነበር። ከግማሹ ገጽ ሲሶው የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ነው፤ በቀረው ላይ ሟች «በታማኝነት አገልግለዋል» ይላል። የሟች ታላቅ እህት አስነበበችው። ደግማ አስነበበችው። ሌላ ገጽ ቀርቶ እንደሆነ ብላ ፖስታውን አራገፈችው፤ ምንም አልወደቀም። እንግዲያው ታሪኩን እኔ ልናገር ስትል፣ ከቢሮ የመጡት ሰዎች ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለ ውሃ ማጣራት ምን ታውቃለች ተባባሉ። በሹክሹክታ ነው የተባባሉት፤ ጆሮዋም ትምህርት ቤት ያልገባ መስሏቸው።

እውነት ነው፣ ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሟን ግን ከመጀመሪያ ጥርሳቸው እስከ መጨረሻ ትንፋሻቸው ታውቃቸዋለች። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አንቱ ብላቸው አታውቅም፤ አፍንጫውን የጠረገችለትን ሰው አንቱ ማለት አይሆንላትም። የቀብር ወረቀት ወጉ ይህ ነው ስትባል እሺ ብላለች። ለራሷ ግን አንቱታው ይቅርብኝ ብላለች፤ በቁሟ ያልሰጧትን በሰው ሞት አትቀበልም።

የተናገረችውን የጻፈችው የሟች የመጨረሻ ልጅ ናት። ልጅቱ ይህ እንኳ ለቀብር አይሆንም እያለች ልትዘለው የፈለገችው ሁሉ ተጽፏል። የሚያነበው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ግማሽ ገጹን እንዲያነብ የላከው ወጣቱ ኢንጂነር ነው። አንባቢው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። እስከ መጨረሻው መስመር እንደሚያነብ በሰው ፊት ቃል ገብቷል። ምን እንደተጻፈ ግን አላየም።

ወረቀቱ ለምን እንደረዘመ ኋላ ላይ ይታወቃል። ለአሁኑ ሐዘንተኛው ሁሉ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የቀዩ ውሃ በር ከእሑድ ጀምሮ ዝግ ነው፤ የበሩ እጀታም በእህታቸው ጉያ ነው።

ሚዛን የተወለዱት ከሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ ከማዕድን ቆፋሪው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው፣ ከማዕድኑ ጉድጓድ በታች ባለው ሰፈር፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በመታወቂያቸው ላይ አለ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በሚዛን ነው። እህታቸው ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እንደተወለዱ የታጠቡበትን ውሃ ያዘጋጀች እሷ ናት። እናቷ ከአልጋ ሆነው መጀመሪያ ቀዝቃዛውን አድርጊ፣ ሙቁን ኋላ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪበት፣ ከተገላበጠ ሕፃን ይላጣል አሏት። ይህ ነገር ወደ ፊት ይመጣልና አይረሳ።

አባታቸው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከሥራ ሲመጡ ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ፤ የጫማው ምስማር በየስድስት ወሩ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ልጆቹ ከጉድጓዱ አፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ እንዳይነኩ ከማስፈራራት በቀር ስለ ሥራቸው አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጉድጓዱ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ቀንም ሌትም ለምን እንደሚጮህ ትንሹ ልጃቸው ቢጠይቋቸው፣ ከታች ያለው ውሃ አልሞተም፣ ተኝቶ ነው፤ ፓምፑ ዝም ያለ ቀን ይነሣል አሏቸው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፓምፑን ድምፅ ሳይሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ሌላው ልጅ ጅብ ሲፈራ እሳቸው ዝምታ ይፈሩ ነበር።

አባታቸው ሳንባቸው ደክሞ ሲያርፉ ሚዛን አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከቤቱ አንድ ሰው ይማር ተባለ፤ እሳቸው ተማሩ። እህታቸው ከእናቷ ጋር ልብስ አጠበች። ይህን የምትናገረው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ማን ምን እንደሠራ ይታወቅ ብላ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት የቧንቧ ሥራ ተማሩ። ከዚያም በከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተቀጠሩ። ሰፈሩ ሳቀባቸው። እናታቸው ግን የሰው ቆሻሻ አያልቅም፣ ከሥራም አትወጣም ብለው መረቋቸው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ማዕድኑ ተዘጋ። ኩባንያው ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ ፓምፑ ዝም አለ። ሰው ደስ አለው፤ ጆሯችን አረፈ ተባለ። ሚዛን በዚያ ሳምንት አልተኙም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት እናታቸው የሆስፒታሉን ልብስ ከሚያጥቡበት እጥበት ቤት ወለል ስንጥቅ ውሃ ምንጭ ሆኖ ወጣ። እንደ መስታወት የጠራ ነበር። እናታቸው ተመስገን ብለው የሆስፒታሉን አንሶላ ሁሉ ነከሩበት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አየር ሲነካው እኩለ ቀን ላይ ደፈረሰ፤ ወደ ማታ ቀላ። በሦስተኛው ቀን አንሶላው ሲነሣ እንደ ረጠበ ወረቀት በእጅ ላይ ቀረ። የእናታቸው የእጅ ቆዳ ተላጠ። በወንዙ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ የዝገት ቀለም ያዘ፤ ልጆቹም ኳስ ሲያባርሩ እግራቸው ተቃጥሎ ይመጡ ጀመር። እህታቸው እስከ ዛሬ የጠራ ውሃ ስታይ ልቧ ይደነግጣል። የደፈረሰ ውሃ ተንኮሉን ፊቱ ላይ ይዞ ይመጣል፤ የጠራውን ነው መፍራት።

ከተማው ኖራ አፈሰሰበት። ኖራው ሲኖር ውሃው ይበርድ፣ ኖራው ሲያልቅ ይነሣ ነበር። በኋላ አንዲት አጭር ኬሚስት መጣች። ፊቷ የማይፈታ፣ ንግግሯ የማይረዝም ሴት ናት፤ እህታቸው ስለዚሁ ወደደቻት። ኬሚስቷ ያለችው፣ ከተማው ሁለት መጥፎ ውሃ አለው፣ ሁለቱንም ለየብቻ እየፈራ ይኖራል፤ ቢቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ክፋት ይበላል የሚል ነው። የማዕድኑ ውሃ ኮምጣጣ ነው፣ ብረትም በውስጡ ሟሙቶ አለ። የቤቱ ፍሳሽ ኮምጣጣውን ያለዝበዋል። ብረቱ ደግሞ የፍሳሹን እድፍ አቅፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙው ጀርምም በኮምጣጣው ያልቃል። በሚቀጥለው ገንዳ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የቀረውን አሲድ ይጨርሳሉ። ሰፈርተኛው ይህን ሲሰማ ሽንትና ዝገት አጋብታ ጠበል ልትወልድ ነው ብሎ አላገጠ። ካላገጡት ውስጥ ዛሬ ከዚህ የተቀመጡ አሉ፤ ስማቸው ይቅር።

ገንዳው ተሠራ። ሁለት የብረት በር ተበጀለት፤ አንዱ ለፍሳሹ፣ አንዱ ለቀዩ ውሃ። የሁለቱም ጠባቂ ሚዛን ሆኑ። በመጀመሪያው ሳምንት መጠኑ አልያዝ አላቸው። ቀዩን ቀድመው ይለቁታል፣ ገንዳው ይኮመጥጣል፣ ነፍሳቱ ይሞታሉ፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ከእህታቸው ቤት ተቀምጠው ይህን ሲያማርሩ ሰማችና ሕፃን አጥበህ አታውቅም ወይ አለቻቸው። ቀዝቃዛው መጀመሪያ፣ ሙቁ ኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ። በማግስቱ ፍሳሹን አስቀደሙ፣ ቀዩን አስከተሉ፤ ገንዳው ያዘ። ኬሚስቷ በሰሌዳ የጻፈችውን ያልተማረች ሴት ከመታጠቢያ ሳፋ ታውቀው ነበር። ሚዛን የሚለው ስም ያኔ ወጣላቸው፤ ግማሹ የእህታቸው ነው።

ኬሚስቷ ስትሄድ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ትታላቸው ነበር። ወረቀቱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ሌላ አላመጣም። ሚዛን የእንቁላል ቅርፊት መሰብሰብ ጀመሩ። የውስጡን ስስ ቆዳ ልጠው፣ ቅርፊቱን በክር ሰክተው፣ ውሃው ወደ ወንዙ ከሚወጣበት ቦይ ላይ ያንጠለጥሉታል። ውሃው ደኅና ከሆነ ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ ይውላል። አሲዱና ብረቱ ሾልኮ ከወጣ ቅርፊቱ ቢጫ ዝገት ይለብሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅርፊቱን ያጠራቀመችላቸው እህታቸው ናት። እንቁላል ሐኪም ከልክሏት እንኳ ለጎረቤት እየጠበሰች ቅርፊቱን ታስቀር ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አገቡ። ባለቤታቸው የሥራ ልብሳቸውን ደጅ ካላወለቁ አታስገባቸውም ነበር፤ ደግ አደረገች። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ወለዱ። በሦስቱም ልጆች ፊት አንድ ነገር ብቻ እየደጋገሙ ይናገሩ ነበር። ገንዳው የበሰበሰ እንቁላል ሲሸት አትፍሩ፣ መሽተቱን ሲተው ነው የምትፈሩት። ከዝቃጩ የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ሲሆን ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ይገድላል፣ ከአፍንጫ ቀጥሎ ሰውን። ስለዚህ እህታቸው ከሥራ ሲመጡ ደጅ ላይ ጠብቃ ልብሳቸውን ታሸት ነበር። ሲሸቱ ደስ ይላታል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እሷ ትንፋሿ ይመለስላታል።

ቀጥሎ ያለውን ልጃቸው እንዳይጻፍ አልቅሳለች። ሟች ራሳቸው ስሞት ይነገር ስላሉ ይነገራል።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ረጅሙ የሚባል የሥራ ባልደረባና ወዳጅ ነበራቸው። ቁመቱ በር አያስገባውም፣ ቀልዱ ቤት አያስቀምጠውም። በዚያ ሳምንት የፍሳሹ ፓምፕ ተበላሽቶ ገንዳው ሦስት ቀን ባዶውን ቆመ፤ ከሥር የጠቆረ ዝቃጭ ብቻ ቀረ። የቀዩ ውሃ ቱቦ አፍ ደግሞ በዝገት ቅርፊት ተደፍኖ ነበርና ረጅሙ በመሮ ሊፈለፍለው ወደ ገንዳው ወረደ። ከመውረዱ በፊት ሚዛን እንደ ልማዳቸው በክዳኑ አጎንብሰው አሸተቱ። መጀመሪያ ሸተታቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲስቡ ሽታው ጠፋ። ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ የኖሩትን እሳቸው በዚያች ደቂቃ ረሱት። ሰው ሽታ ውስጥ ሃያ ዓመት ሲኖር፣ ሽታ ሲጠፋ ዕረፍት ይመስለዋል።

«ጸድቷል፣ ውረድ» አሉት።

ረጅሙ ፈልፍሎ ሲጨርስ ቱቦው መከፈቱን እንዲያይ ቀዩን ትንሽ እንዲለቁለት ጠየቀ። ሚዛን እጀታውን ሩብ ዙር አዞሩት። ቀዩ ውሃ በጠቆረው ዝቃጭ ላይ ወረደ። ቀዝቃዛው ሳይኖር ሙቁ ሕፃኑ ላይ ተገለበጠ። ከዝቃጩ ጋዙ ተነሣ፤ ረጅሙ የጀመረውን ቀልድ ሳይጨርስ ወደቀ። ሚዛን መሐረብ አፋቸው ላይ አስረው ገቡ፣ ብብቱን ይዘው ጎተቱት፣ እሳቸውም ወደቁ። ሁለቱንም ያወጧቸው ከላይ የነበሩት ሠራተኞች በገመድ ነው። አንዱ ነቃ፣ አንዱ አልነቃም።

መሥሪያ ቤቱ በዚያን ጊዜ ድንገተኛ አደጋ ብሎ ጻፈ። ሚዛን ግን ከሆስፒታል በወጡ ቀን፣ ደረታቸው እያፏጨ፣ ወደ ረጅሙ ሚስት ቤት ሄዱ። እህታቸው ደግፋቸው ነበርና የሰማችው በጆሮዋ ነው።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሏት፣ ከደጃፉ ሳይገቡ። «ውረድ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሴቲቱ በሩን ዘጋች። እህታቸው ወንድሟን ይዛ ስትመለስ መንገዱ አላልቅ አላት። አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ቃል አልመጣም። በዓመቱ አንድ ቆርቆሮ መጣ፤ በውስጡ ታጥቦ የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሲመጣ ኖረ። ሴቲቱ ዛሬ ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ይቅርታን ከእሷ ያልተማረ ከማንም አይማርም።

ሚዛን ወደ ሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ ያደረጉት የቀዩን በር እጀታ ከዘንጉ መንቀል ነበር። ከእንግዲህ ያለ እሳቸው ማንም አይከፍተውም። ባለቤታቸው ከወፍራም ሸራ ከረጢት ሰፋችለት። ሲሠሩ በትከሻቸው፣ ሲበሉ በጉልበታቸው፣ ሲተኙ ከትራሳቸው ሥር ነበር። ባለቤታቸው በቀልድ ሁለተኛዋ ሚስት ትለው ነበር፤ ክብደቱን ስታነሣው ግን አትስቅም። እህታቸው አንድ ቀን ይህን ብረት ተሸክመህ ልትቀበር ነው ወይ ብትላቸው፣ እጄ ባዶ ሲሆን ያንን ሩብ ዙር ያዞራል አሏት። ሌላ ጊዜ አልጠየቀችም።

ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላም ሲራዘምላቸው ቆይቶ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወጡ። ወረቀቱ ወጣ እንጂ እሳቸው አልወጡም። ምትክ አልተመደበምና በየጠዋቱ በከዘራ እየሄዱ፣ የፍሳሹን መጠን አይተው፣ ቀዩን በልኩ ከፍተው፣ ቅርፊታቸውን ሰቅለው ይመለሱ ነበር። ደረታቸው ግን ከዓመት ዓመት ጠበበ። ከበሩ እስከ ቦዩ ያለውን ሰማንያ እርምጃ መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ፣ ኋላ በሁለት ዕረፍት፣ በመጨረሻ በአምስት ዕረፍት ተራመዱት።

ከስምንት ወር በፊት ወጣቱ ኢንጂነር መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሚዛንን አባባ፣ እህታቸውን እማማ ይላል፣ ከዘራቸውን ያነሣላቸዋል። የአሲድ መለኪያ መሣሪያም አመጣ። ዘንጉ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ ይበራል፤ ሰባት ካለ ውሃው አልኮመጠጠም ማለት ነው። ሚዛን እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። በሁለተኛው ወር ግን ደስታቸው ቀዘቀዘ። ቁጥሩ ጠዋትም ሰባት ነው፣ ማታም ሰባት፣ ዝናብ ሲዘንብም ሰባት። ሕይወት ያለው ውሃ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም፣ ዘንጉ ዝገት ለብሶ ታውሮ ይሆናል፣ አውጥተህ እየው አሉት። ኢንጂነሩ መሣሪያው አዲስ ነው፣ ዋስትናም አለው፣ አይስጉ አላቸው። ዋስትናው ለመሣሪያው ነው፤ ለወንዙ ማን ዋስትና ሰጠው? ኢንጂነሩ ለበላዮቹ የሚልከው ዘገባ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ይላል። ለማያውቁሽ ታጠኚ ይሏል ይህ ነው።

በዚህ በበጋ ከተማው ውሃ በፈረቃ ሆነ። ቤቱ ውሃ ሲያንሰው ፍሳሹም ያንሳል። ቀዩ ግን ከመሬት ሥር ነውና ፈረቃ አያውቅም። ሚዛን ሁለት ሳምንት ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ነበር፤ በሩ በድሮው ልክ እንደተከፈተ ቆየ። እሑድ ጠዋት ተነሡ። ባለቤታቸው ለመነቻቸው፤ አልሰሙም። እህታቸው ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ እሷ ደገፈቻቸው፤ ማን ማንን እንደደገፈ ባይታወቅም። ሰባት ጊዜ አርፈው ቦዩ ደረሱ። ክሩን ከውሃው ሳቡት።

ቅርፊቱ ሁሉ ቢጫ ነበር። አንድም ነጭ አልቀረም። እሳቸው አላዘኑም፣ አልተቆጡም፤ ፈሩ። እህታቸው ወንድሟ ሲፈሩ ታውቃለች፤ በልጅነታቸው ፓምፑ ለአፍታ ሲቋረጥ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። ቀና ብለው አዳመጡ። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሰው፣ እጀታውን ሰክተው፣ በሁለት እጃቸው ዘጉት። ሩብ ዙር ሲቀር ጉልበታቸው ከዳቸው፤ የቀረውን የዘጋችው እሷ ናት። እጇ ላይ ያለው ቁስል የዚያ ነው።

«እታለም፣ መዝጋቱ መድኃኒት አይደለም» አሏት ከበሩ ሥር ተቀምጠው። «ጉድጓዱ ስምንት ቀን ይችላል። ከዚያ በእጥበት ቤቱ ይወጣል።»

ታዲያ ለማን ልስጠው ብትላቸው፣ በዓይኑ ላየ ሰው ብቻ አሏት። እጀታውን ከነከረጢቱ ጉልበቷ ላይ አስቀመጡት። ክብደቱን ያኔ ነው ያወቀችው።

ሰኞና ማክሰኞ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ሆስፒታል ሰነበቱ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ሊጠይቃቸው መጣ፤ ብርቱካንም ይዞ ነበር። መናገር ስላልቻሉ የግድግዳውን ነጭ ቀለም በጣታቸው አሳዩት፤ ቅርፊቱን ማለታቸው ነው። ልጁ መብራት ይጥፋልኝ ያሉ መስሎት አጠፋላቸው። እህታቸው ተነሥታ ነገረችው፤ ቅርፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ዘንግህ ታውሯል፣ በሩ ዝግ ነው። እሱም በትሕትና አዳመጣት፣ እማማ ደክመዋል ይረፉ አላት፣ እጀታውን ግን ለመሥሪያ ቤቱ መመለስ ይኖርብዎታል አለ። የደረሰው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የጎደለው ንብረት ነበር የታየው።

ሚዛን ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዛ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ከመጨረሻው ትንፋሽ በፊት አፍንጫቸውን ወደ እህታቸው ቀሚስ አስጠግተው ሳቡ። ከገንዳው ሽታ ተርፎባት እንደሆነ አታውቅም። ተርፎ ይሁን። ሸቷቸው ከሆነ ሳይፈሩ ሄደዋል።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ይህን የጻፈችው ሴት ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ከእነሱ ጋር የቀሩ ሌሎችም አሉ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች፣ በወንዙ ዳር የሚያጥቡት ሴቶች፣ ከታችኛው ሰፈር ጉድጓድ የሚቀዳው ሁሉ። ሠላሳ ዓመት ውሃው ያልነካቸው ዕድላቸው ጥሩ ስለሆነ አይደለም።

ሁለቱን ውሃዎች የለየና ያገናኘ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከማይኮመጥጥ ምንጭ ዳር ያሳርፋት። ከዚያ ማዶ ከረጅሙ ጋር ያገናኛቸው፤ ያቋረጠውን ቀልድ ይጨርስላቸው። እጃቸው ባዶ ቢሆንም ያንን ሩብ ዙር ዳግም አያዙር። ለቤተሰቡም መጽናናትን፣ ለሰፈሩም ዕድሜን ይስጥ።

ምርቃቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወረቀቱ ግን አላበቃም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እህታቸው የፈራችውን ቀን ቆጥራዋለች። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ስምንቱ ቀን ሰኞ ይሞላል። እጀታውን ለመሥሪያ ቤቱ ብትመልስ በሩ በድሮው ልክ ይከፈታል፣ ወንዙ ይሞታል። ይዛው ብትቀመጥ ሰኞ ውሃው በእጥበት ቤቱ ይወጣል፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ይደርሳል። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፤ እሷም በተራዋ ዝምታውን እያዳመጠች ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነበው ልጅ፣ ድምፅህን አትቀንስ። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከቦዩ ዳር ትጠብቅሃለች። ዘንግህን ከውሃው አውጥተህ በጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ ቁጥሩ ሲነቃነቅ በዓይንህ ታያለህ። የረጅሙ ሚስት የምታመጣውን ቅርፊት በገዛ እጅህ በክር ትሰካለህ። መጀመሪያ ፍሳሹን ታስገባለህ፣ ቀጥለህ ቀዩን በጥቂት በጥቂቱ፤ ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ እስኪውል ድረስም ከቦዩ አትነሣም። ያኔ እጀታውን ትሰጥሃለች፤ ከቢሮህ ሳይሆን ከበሩ ላይ፣ በእጅህ።

አሁን ወረቀቱን እጠፍና ትመጣ እንደሆነ ተናገር። አፈሩ የሚመለሰው አንተ ከመለስክ በኋላ ነው።